ክሎን ድርጅት ምንድን ነው?

የውሸት ኢንቨስትመንት ሲባል ብዙዎቻችን የሚመጣብን ስሙ ተሰምቶ የማያውቅ፣ "ብራችሁን በወር እጥፍ አደርጋለሁ" የሚል ሰው ነው። እሱን መለየት ብዙም አይከብድም። ክሎን ድርጅት ግን ሌላ ነገር ነው። ሌቦቹ በእውነት ያለ፣ ፈቃድ ያለው፣ ለዓመታት የሠራ ድርጅት ይመርጣሉ። ስሙን፣ አድራሻውን፣ አርማውንና የፈቃድ ቁጥሩን እንዳለ ይወስዳሉ። ከዚያ በእሱ ስም ገንዘብ ይሰበስባሉ። እውነተኛው ድርጅት ወሬውን የሚሰማው የተበላ ሰው ደውሎ "ገንዘቤስ?" ሲለው ሊሆን ይችላል።

ይህ ማጭበርበር በሰፊው ከሚታወቅባቸው አገሮች አንዷ እንግሊዝ ናት። እዚያ የፋይናንስ ድርጅቶችን የሚቆጣጠረው ኤፍሲኤ የሚባለው ተቋም ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ በክሎን ድርጅቶች ተበላን ብለው ያመለከቱ ሰዎች ያጡት ገንዘብ ከ78 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ነበር። በአማካይ ለአንድ ሰው ከ45 ሺህ ፓውንድ በላይ ማለት ነው። በዚያው ጊዜ በተደረገ ጥናት ከአራት ኢንቨስተሮች ሦስቱ "አጭበርባሪ አያታልለኝም" ብለዋል። ከመቶ 77ቱ ግን ክሎን ድርጅት ምን እንደሆነ አያውቁም ወይም እርግጠኛ አልነበሩም። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። የሚበላው ሰው ሁሉ የዋህ ወይም ስግብግብ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ጠንቃቃ ነው፤ አጣርቶ የገባ ነው።

እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። ለንደን ያለ አንድ ሰው ያጠራቀመውን ገንዘብ የት ባስቀምጠው ይሻላል ብሎ ኢንተርኔት ላይ ይፈልጋል። የተለያዩ ባንኮችን ወለድ የሚያወዳድር የሚመስል ገጽ ያገኛል። ስሙንና ስልኩን ይሞላል። በማግስቱ ስልክ ይደወላል። የደዋዩ አነጋገር የሰከነ ነው። አይቸኩልም፣ አይለማመጥም። የሚያቀርበውም ወለድ የተጋነነ አይደለም፤ ከባንክ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ከዚያ ጥሩ ተደርጎ የተሠራ ፒዲኤፍ ብሮሸር በኢሜይል ይልካል። ብሮሸሩ ላይ የታወቀ ድርጅት አርማና የፈቃድ ቁጥር አለ።

አሁን ዋናው ነገር ይመጣል። ደዋዩ ራሱ "እባክዎ ሳያጣሩ እንዳይከፍሉ፤ የኤፍሲኤ መዝገብ ላይ ገብተው ቁጥሩን ይዩት" ይላል። ሰውየው ይገባል፣ ቁጥሩን ይጽፋል፣ ድርጅቱ ይወጣለታል። ፈቃድ አለው፣ አድራሻውም ልክ ነው። ልቡ ያርፋል። ያየው መዝገብ እውነተኛ ነው፤ ያጣራው ድርጅትም እውነተኛ ነው። ያልተጣራው ስልኩ ላይ ያለው ሰው ነው።

ስለዚህ ድርጅቱ መኖሩን ማወቅ አይበቃም። የምታናግሩት ሰው የዚያ ድርጅት ሰው መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ይህን የሚያሳይ አንድ ቀላል መንገድ አለ። ስልኩን ዝጉት። መዝገቡ ላይ የተጻፈውን ስልክ ቁጥር አውጡና ራሳችሁ ደውሉ። ብሮሸሩ ላይ ያለውን ቁጥር አይደለም፣ ኢሜይሉ ግርጌ ያለውንም አይደለም። የደወለላችሁን ሰው ስም ጥሩና "እናንተ ጋ ይሠራል ወይ? ይህን ያቀረበልኝን ኢንቨስትመንት ትሸጣላችሁ ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። አጭበርባሪዎቹ ይህንንም ያውቃሉ። "መዝገቡ ላይ ያለው ስልክ አሮጌ ነው፣ ገና አልታደሰም" ይላሉ። ይህን ቃል ከሰማችሁ ሌላ ማስረጃ አያስፈልጋችሁም። መዝገቡ ላይ ስልክ ከሌለ ደግሞ ተቆጣጣሪው ተቋም ራሱ ጋ ይደወላል።

የኢሜይል አድራሻውንም ፊደል በፊደል እዩት። የእውነተኛው አድራሻ በዶት ኮ ዶት ዩኬ ካለቀ የእነሱ በዶት ኮም ያልቃል። ወይም ስሙ መሀል አንዲት ሰረዝ ትገባለች። ስልክ ላይ በትንሹ ሲታይ ልዩነቱ አይታወቅም፤ ስለዚህ ኮምፒውተር ላይ አተልቃችሁ ብታዩት ይሻላል።

ሌቦቹ የሚታወቁበት ሌላው ቦታ ክፍያው ጋ ነው። ገንዘቡን ገቢ አድርጉበት የሚሉት አካውንት ብዙ ጊዜ በድርጅቱ ስም አይሆንም። የግለሰብ ነው፣ ወይም ሌላ የማይታወቅ ኩባንያ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ባንኮች የጻፋችሁት ስምና የአካውንቱ ባለቤት ስም ካልገጠመ ከመላካችሁ በፊት ይነግሯችኋል። ደዋዩ ግን ቀድሞ ያዘጋጃችኋል፦ "ማስጠንቀቂያ ይመጣል፣ ዝም ብለው ይለፉት፣ የደንበኞች ገንዘብ የሚቀመጥበት ልዩ አካውንት ስለሆነ ነው።" የባንካችሁን ማስጠንቀቂያ እንድታልፉ የሚያስጠናችሁ ሰው ለእናንተ አይሠራም።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ብሮከርቼክ የሚባለውን፣ የአክሲዮን ደላሎችን የሚቆጣጠረው የፊንራ መዝገብ በነጻ ማየት ትችላላችሁ። ግን እዚያም የተመዘገቡ ደላሎችን ስምና ቁጥር ወስደው የውሸት ዌብሳይት የሚከፍቱ አሉ። ዘዴው አንድ ነው፤ ስልኩን ከመዝገቡ ውሰዱ።

አገር ቤትም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 ተቋቁሟል፤ አክሲዮንና ቦንድ የሚሸጥበት የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያውም በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። አክሲዮን በስልክ መግዛትም ተለምዷል። ኢትዮ ቴሌኮም አንዱን አክሲዮን በ300 ብር ሲሸጥ ሽያጩ በቴሌብር ነበር፤ ዝቅተኛው መጠንም 33 አክሲዮን ነበር። ገበያው አዲስ ስለሆነ ትክክለኛው አሠራር ምን እንደሚመስል ገና ብዙ ሰው አልለመደውም። የባንክ አርማ የለጠፈ የቴሌግራም ቻናል ለመክፈት ደግሞ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። "አክሲዮን አስይዝላችኋለሁ፣ በዚህ የግል አካውንት አስገቡ" የሚል መልእክት ከደረሳችሁ፣ የማንም አርማ ይኑረው፣ የባለሥልጣኑን የፈቃድ ዝርዝር እዩ፤ ከዚያ ባንኩን በሚታወቀው ቁጥሩ ደውላችሁ ጠይቁ። እኛ ጋ እንዲህ ያለ መልእክት ብዙ ጊዜ የሚመጣው በዘመድ በኩል ነው። አክስታችን የቤተሰብ ግሩፕ ላይ ስለላከችው ብቻ እናምነዋለን። እሷም ከሌላ ሰው ተቀብላ ነው ያስተላለፈችው።

ገንዘቡ ከሄደ በኋላስ? መጀመሪያ ባንክ ነው፤ በዚያው ሰዓት፣ ነገ ሳይባል። እንግሊዝ ውስጥ 159 ላይ ቢደወል ከአብዛኞቹ ትልልቅ ባንኮች ጋር ያገናኛል። ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በወጣው ደንብ መሠረት፣ ተታልሎ በአገር ውስጥ የባንክ ዝውውር ለከፈለ ሰው ባንኮች እስከ 85 ሺህ ፓውንድ እንዲመልሱ ይገደዳሉ፤ ማመልከቻው ግን ከመጨረሻው ክፍያ በ13 ወር ውስጥ መግባት አለበት። ወደ ውጭ አገር የተላከ ወይም በክሪፕቶ የተከፈለ ገንዘብ በዚህ ደንብ አይሸፈንም።

ከዚያ ሳምንታት ቆይቶ ሌላ ስልክ ሊመጣ ይችላል። "ከኤፍሲኤ ነው የምንደውለው፣ ገንዘብዎ ተገኝቷል፣ ለማስለቀቂያ ትንሽ ክፍያ ብቻ ይቀራል" ይላሉ። የተበሉ ሰዎች ስም ዝርዝር በሌቦች መካከል ይሸጣል፤ ደዋዮቹ ስንት እንደጠፋባችሁ ሳይቀር የሚያውቁት ለዚህ ነው። ኤፍሲኤ ገንዘብ ላኩልኝ ብሎ ማንንም አይጠይቅም፤ የይለፍ ቃልና ፒንም አይጠይቅም።