የትዝታ ጉብታ ምንድን ነው? የአባቴ ቦኒ ኤም እንዴት የእኔ ሆነ

እኔ በ1980 ዓ.ም. ስወለድ የዲስኮ ቡድኑ የቦኒ ኤም ደማቅ ዘመን አልፎ ነበር። ሆኖም ዛሬም ከካራ ወደ መገናኛ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሾፌሩ የእነሱን ዘፈን ሲከፍት፣ ረዳቱ ሂሳብ ሲጠይቀኝ አልሰማም። የወጣትነቴ ዘፈኖች እንዲህ አያደርጉኝም። የሰው ዘመን ዘፈን እንዴት እንዲህ ይይዛል?

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ለነገሩ ስም አላቸው፤ እኔ በአማርኛ «የትዝታ ጉብታ» እለዋለሁ። (ቅኝቱን ማለቴ አይደለም፤ እሱ ራሱን የቻለ ወሬ ነው።) በዕድሜ የገፉ ሰዎች የሕይወታቸውን ትዝታ እንዲያወሩ ይጠየቃሉ። የሚያወሩት ሁሉ በስንት ዓመታቸው እንደደረሰ ተቆጥሮ በመስመር ሲሳል፣ መስመሩ ሜዳ ሆኖ አይሄድም። ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜ ላይ ጉብ ይላል። የመጀመሪያው ፍቅር፣ የመጀመሪያው ደመወዝ፣ ከወላጅ ቤት መውጣት እዚያ ላይ ነው ያሉት፤ ያኔ የተሰማ ዘፈንም አብሯቸው ይቀመጣል። ሽማግሌ «የዛሬ ዘፈን ደግሞ ዘፈን ነው?» ሲል እንግዲህ ከጉብታው ላይ ሆኖ ነው።

ይህ የአባቴን ነገር ያስረዳል፤ የእኔን ግን አያስረዳም። የእኔ መልስ ያለው እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ የካሮል ክራምሃንስልና የጀስቲን ዙፕኒክ ጥናት ውስጥ ነው። 20 ዓመት ገደማ ለሆናቸው አሜሪካውያን ተማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 2009 ገበያውን ከመሩ ዘፈኖች እየቆነጠሩ አሰሟቸው። ተማሪዎቹ የራሳቸውን ዘመን ዘፈን ማወቃቸው አይገርምም። ነገር ግን ወላጆቻቸው ወጣት በነበሩበት ጊዜ የወጡት ላይም ሌላ ጉብታ ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹ ላይ ደግሞ ሦስተኛ። ሦስተኛውን አንዳንዱ የአያቶች ሥራ ነው ሊል ይችላል፣ ሌላው ዘፈኖቹ ራሳቸው ስለሚያምሩ ነው ይላል። ሁለተኛው ግን ከወላጅ ወደ ልጅ የወረደ ነው፤ ጉብታ ይወረሳል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እዚያ አገር ሬዲዮውም ሱቁም በዘፈን የተሞላ ነበር። በእኛ ቤት፣ ያኔ ባሕር ዛፍና አጥር ብቻ በነበረው የኮተቤ ጫፍ፣ የነበሩት አራት ካሴቶች ናቸው። ሦስቱ የአገር ቤት ዘፈን፣ አንዱ ቦኒ ኤም። ሮበርት ዛዮንስ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1968 እንዳሳየው፣ ሰው ደጋግሞ ያየውን ወይም የሰማውን ነገር ሌላ ምክንያት ባይኖረውም እንኳ እየወደደው ይሄዳል። እኛ ደግሞ ከመደጋገም ሌላ ምርጫ አልነበረንም። መብራት ሲጠፋ በባትሪ ድንጋይ እንሰማለን፤ ድንጋዩ ሲደክም ዘፈኑ ይጎተታል፣ የሴቶቹ ድምፅ የወንድ ይሆናል። ድንጋዩን አውጥተን ፀሐይ ላይ እናሰጣለን፣ እንደገና እንከታለን። ክሩን በቢክ እስክሪብቶ እያዞርን እንመልሳለን። ዛሬም አንዱ ዘፈን ሲያልቅ ጆሮዬ ቀጣዩን ከመጀመሩ በፊት ይጀምረዋል፤ ስልኬ ሌላ ሲያመጣ የተታለልኩ ይመስለኛል።

አባቴ ካሴቱን የገዛበትን ዘመን አያወራም። ቡድኑ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ሲገን አዲስ አበባ ቀይ ሽብር ላይ ነበረች። የነገረኝ ይህን ብቻ ነው፤ ሰዓት እላፊ ስለነበር ከጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ተዘግተው ያድሩና ቴፑን ዝቅ አድርገው ይሰሙ ነበር። ጉብታ የደስታ ክምር ብቻ ነው ብዬ አላምንም።

እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው የባቢሎን ወንዞች ዘፈን ደግሞ ወደ ቤታችን በሌላ በር ነው የገባው። ስምንተኛ ክፍል ሆኜ ቃላቱን ለአያቴ ስተረጉምላት ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ሳለሁ ከአፌ ነጥቃ በግዕዝ ጨረሰችው። ዳዊቷ ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር መዝሙር 136። ከዚያ ወዲያ «ያን የዳዊት ዘፈን ክፈትልኝ» ትለኝ ነበር። ዘፈኑ መጀመሪያ የጃማይካውያኑ የሜሎዲያንስ ነው፤ ራስተፈሪያን ስለሆኑ ግጥሙ ውስጥ ንጉሥ አልፋን፣ ማለትም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን አስገብተው ነበር። ቦኒ ኤም ያንን አውጥተው በጌታ ተኩት። ንጉሡ የወረዱባት ከተማ ንጉሡ የወጡበትን ዘፈን ሰማች፤ አያቴ ይህን ብታውቅ ምን ትል ነበር? እኔ ግን ዘፈኑን ስሰማ እጣን ይሸተኛል፣ ይህም ቦኒ ኤም ያላሰቡት ነው። ወንዱ ድምፅ የሚደንሰው የቦቢ ፋረል ሳይሆን የአዘጋጁ የፍራንክ ፋሪያን መሆኑንም በኋላ አወቅሁ፤ ምንም አልቀነሰብኝም።

አንድ ክረምት ቴፑ ካሴቱን በላው። አጎቴ የተጨማደደውን ክር በመቀስ ቆርጦ ጫፍና ጫፉን በጥፍር ቀለም አጣበቀው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክሩ የተቆረጠበት ዘፈን አንድ ቦታ ላይ ይዘላል፤ ግማሽ ቃል ይጠፋና ምቱ ይሰበራል። አሁን በስልኬ ሙሉውን ስሰማ እዚያ ቦታ ላይ ትርፍ ነገር የተጨመረበት ይመስለኛል፤ ሳንጎራጉረውም እዘለዋለሁ።

የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ባለፈው ሳምንት የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ በረንዳው ላይ ሳፋ ውስጥ ካልሲዋን እያጠበች ያንኑ ዘፈን ታንጎራጉር ነበር። ካሴት በእጇ ነክታ አታውቅም። ያ ቦታ ጋ ስትደርስ ግማሹን ቃል ዋጠችና አለፈች።

«አባዬ፣ ምን ሆንክ?» አለችኝ።

ከመጀመሪያው እንድትዘፍነው ለመንኳት። እንደገና ዘለለችው።