ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን፦ ርቀቱ አንድ፣ የጉዞው ጊዜ ሁለት

በአዲስ አበባና በዋሽንግተን መካከል ያለው የአየር ርቀት 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ይህ ቁጥር የሚገኘው በጠፍጣፋ ካርታ ላይ ከሚሰመር ቀጥተኛ መስመር ሳይሆን የምድርን ክብ ገጽ ከሚከተለው አጭሩ መንገድ ነው። አውሮፕላኑ በአውሮፓ በኩል ያለ ምክንያት የሚዞር የሚመስለውም ካርታው ስለሚያሳስት ነው።

ይበልጥ ግራ የሚያጋባው ግን ርቀቱ ሳይለወጥ የጉዞው ጊዜ በአቅጣጫ መለያየቱ ነው። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ የሚደረገው ቀጥታ በረራ 13 ሰዓት ያህል ሲወስድ፣ የመሄጃው ጉዞ ነዳጅ ለመሙላት መንገድ ላይ ስለሚያርፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ16 ሰዓት ይበልጣል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለ በመሆኑ አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየር ደግሞ የክንፉን የማንሳት ኃይልም የሞተሩን ጉልበትም ስለሚቀንስ፣ አውሮፕላኑ በሙሉ መንገደኛና ለዚህ ርቀት በሚበቃ ነዳጅ ተጭኖ ለመነሣት ይቸገራል። በከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስም ተመላሹን ይገፋል፣ ሂያጁን ይገታል።

ቲኬት ላይ የሚጻፉት ሰዓቶች የየከተማው ሰዓቶች መሆናቸውንም ማስተዋል ያሻል። ለምሳሌ በበጋቸው ወራት ከዋሽንግተን በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 5 ሰዓት ተነሥቶ በማግሥቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት አዲስ አበባ የሚገባ መንገደኛ 20 ሰዓት የተጓዘ ይመስለዋል፤ የ7 ሰዓቱ ልዩነት ሲቀነስ ግን 13 ሰዓት ብቻ ይቀራል። በክረምታቸው ልዩነቱ 8 ሰዓት ይሆናል።