አዲስ ድራይቨር ከመግዛታችሁ በፊት፡ በየሜዳው የምንሰማቸው የተሳሳቱ ነገሮችና እውነታው

ጃንዋሪ በመጣ ቁጥር እኛ ቡድን ውስጥ አንድ ወሬ ነው የሚነሳው፣ አዲሱ ድራይቨር ወጣ! ቨርጂኒያ ውስጥ እሁድ ጠዋት አብረን የምንጫወት ስምንት ዘጠኝ ሐበሾች አለን፣ ግማሹ የሌሊት ስራ ጨርሶ በቀጥታ ነው ሜዳ የሚመጣው፣ እና ያቺን በላቡ ያገኛትን ብር አንዳንዱ በየዓመቱ ለአንድ ዱላ ሲያወጣት አያለሁ። ድራይቨር ማለት ለማታውቁት ከቲ (ኳሷ ከምትቀመጥባት ትንሽ ካስማ) ላይ ኳሷን ሩቅ ለመላክ የምንጠቀምበት ረጅሙ፣ ጭንቅላቱ ትልቁ ዱላ ነው። ዋጋው ደሞ ቀላል አይደለም፣ የቴይለርሜድ ኪውአይ10 በፈረንጆቹ 2024 ሲወጣ 600 ዶላር ነበር፣ የታይትሊስት ጂቲ ከዛም በላይ ነበር። ስድስት መቶ ዶላር አገር ቤት ስንት ነገር እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ግዙም አትግዙም አልልም፣ ግን በተሳሳተ ምክንያት እንዳትገዙ እፈልጋለሁ፣ ስለዚህ ሜዳ ላይ ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳቸው።

"የዘንድሮው ካምናው 15 ያርድ ይጨምራል"

ይሄ ትልቁ ነው። አይጨምርም፣ ሊጨምርም አይችልም፣ ምክንያቱም ህግ አለ። ዩኤስጂኤ እና አርኤንድኤ የሚባሉት የጎልፍ ህግ አውጪዎች የድራይቨር ፌስ፣ ኳሷን የሚመታው የፊት ገጹ ማለት ነው፣ ኳሷን ምን ያህል መወርወር እንደሚችል ገደብ አስቀምጠዋል፣ የሚለካበት መንገድ ደሞ ደስ ይላል፣ ትንሽ ብረት እንደ ፔንዱለም እየተወዛወዘች ፌሱን ትመታና ፌሱ ላይ ምን ያህል ጊዜ እንደቆየች ይታያል። ገደቡ 239 ማይክሮ ሰከንድ ነው፣ ለፋብሪካ ልዩነት 18 ይጨመርበትና 257፣ ከዛ በላይ ከሆነ ዱላው ለውድድር አይፈቀድም። ይሄ ከ2004 ጀምሮ ያለ ነው፣ ከሃያ ዓመት በላይ! የጭንቅላቱ መጠንም እንደዛው፣ 460 ሲሲ ላይ ቆሟል። ኩባንያዎቹ ሁሉ ጣራው ጋ ከደረሱ ቆይተዋል፣ ስለዚህ መሃሉን በደንብ ከመታችሁት የዘንድሮውና የዛሬ ስምንት ዓመቱ ኳሷን የሚልኩበት ፍጥነት እዛው ነው።

በቁጥር እንየው። ዱላችሁ በሰዓት 90 ማይል እየሄደ ኳሷን ቢመታ፣ ኳሷ ቢበዛ የምትወጣው አንድ ነጥብ አምስት እጥፍ ገደማ ነው፣ 135 ማይል። ኳሷ ፍጥነት ላይ አንድ ማይል ስታጣ ወደ ሁለት ያርድ ታጣለች ብላችሁ ያዙ። እኔ ዘንድሮ ስለካ ዱላዬ 90 ኳሷ ግን 128 ነበረች፣ ሰባት ማይል የትም አልሄደም፣ ፌሱ ላይ ቦታውን ስለሳትኩ ነው የቀረው፣ አስራ አራት ያርድ ማለት ነው። ማስታወቂያው ቃል የሚገባላችሁ 15 ያርድ እጃችሁ ላይ ካለው ዱላ ውስጥ ነው ያለው እያልኩ ነው።

ቦታውን ለማወቅ ደሞ ማሽን አያስፈልግም። የእግር ፓውደር ስፕሬይ፣ ያ ነጭ ሆኖ የሚደርቀው፣ ከፋርማሲ ግዙና ፌሱ ላይ ስስ አድርጋችሁ ንፉበት፣ ከዛ ምቱ። ኳሷ የነካችበት ቦታ ክብ ሆኖ ይታያል፣ የኳሷ ጥቃቅን ጉድጓዶች ሁሉ ይቀሩበታል። እኔ መጀመሪያ ስሞክረው ከአስር ምት ሰባቱ ሂል ላይ ነበሩ፣ ወደ ሻፍቱ (ዘንጉ) በኩል ማለት ነው፣ እንደ ወይን ዘለላ ተጠጋግተው። እኔ ደሞ ለሶስት ዓመት ዱላው ነው ሃይል ያጣው ስል ነበር። ከኳሷ ትንሽ፣ የአውራ ጣት ውፍረት ያህል ራቅ ብዬ መቆም ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

"10ኬ የሚባለው ረጅም የሚሄደው ነው፣ ህጉንም አልፏል"

በ2024 ኪውአይ10 ማክስ እና የፒንግ ጂ430 ማክስ 10ኬ ሲወጡ ይሄ ቁጥር አገሩን ሞላው። አስር ሺው የርቀት ቁጥር አይደለም፣ ጭንቅላቱ ሲመታ ላለመጠምዘዝ የሚያሳየው እምቢታ ነው። አንድ ዱላ መሃሉን ይዛችሁ ሁለቱ ጫፍ ላይ ከባድ ነገር ብታስሩበት ለማዞር ያስቸግራል አይደል፣ ያው ነው፣ ክብደቱን ወደ ኋላና ወደ ዳር ስላወጡት ከመሃል ስታችሁ ስትመቱ ፌሱ ብዙ አይዞርም። በህጉ ከግራ ወደ ቀኝ ለሚደረገው መዞር ገደቡ 5900 ነው፣ ከላይ ወደ ታች ላለው ግን ገደብ የለም፣ እና ሁለቱን ደምረው ነው አስር ሺ የሚሉት። ስለዚህ ህግ የጣሰ የለም። 5900 ደሞ አዲስ ነገር አይደለም፣ ናይክ ድሮ ያወጣው ባለ አራት ማዕዘኑ ሱሞ ስሙ ላይ ራሱ 5900 ተጽፎበት ነበር።

ጥቅሙ የእውነት ነው፣ ይሄን ልክድ አልፈልግም። እንደ እኔ ፌሱ ላይ ለሚበትን ሰው መጥፎ ምቱ ያን ያህል መጥፎ አይሆንበትም። ግን ዋጋ አለው፣ ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሄደ ብዙ ጊዜ ስፒን (የኳሷ መሽከርከር) ትንሽ ይጨምራል፣ ጭንቅላቱንም ለመዝጋት ዘገም ይላል፣ መሃሉን ደጋግሞ የሚመታ ሰው ተራው ኪውአይ10 ወይ ስፒን የሚቀንሰው ኤልኤሱ ሊሻለው ይችላል። ማክስ ማለት ከሁሉም የሚበልጥ ማለት አይደለም። ስላይስንም፣ ኳሷ ወደ ቀኝ መታጠፏን፣ አያድንም! ኳሷ ወደ ቀኝ የምትታጠፈው ዱላው ከሚሄድበት አቅጣጫ አንጻር ፌሱ ተከፍቶ ስለሚደርስ ነው፣ ሂል ላይ ስትመቱ ደሞ ይብሳል፣ ይሄን የሚያስተካክለው ትምህርት ነው፣ ለ600 ዶላሩ በጥሩ አሰልጣኝ አምስት ስድስት ሌሰን ይወጣዋል።

"ፕሮዎቹ አዲሱን ነው የሚመቱት"

የሰሜን አየርላንዱ ፕሮ ሮሪ ማክልሮይ በ2025 መጀመሪያ ላይ አዲሱን ኪውአይ35 ውድድር ላይ ሞከረው፣ ከዛ ወደ አሮጌው ኪውአይ10 ተመለሰ፣ ኤፕሪል ላይ ኦጋስታ ላይ ከትልልቆቹ ውድድሮች አንዱን፣ ማስተርስን፣ ያሸነፈው በዛው ባምናው ዱላ ነው። ዕድሜ ልኩን ሲያሳድደው የነበረውን ዋንጫ! በነጻ የሚሰጠው ሰው፣ ለኩባንያው ስም የሚጫወት ሰው፣ አሮጌውን መረጠ፣ ምክንያቱም ኳሷ የት እንደምትሄድ የሚያውቀው በሱ ነው። አሜሪካዊው ፕሮ ስኮቲ ሼፍለርም ኪውአይ10ን አልለቀቀም ነበር።

"ድራይቨር ሲያረጅ ይሞታል፣ ፌሱ ይደክማል"

ይሄኛው ከላይኛው ጋር ይያያዛልና እዚሁ ልቀጥል። ብዙ ሰው ፌሱ እንደ መኪና ሾክ እየላላ ሃይል የሚያጣ ይመስለዋል፣ አሮጌውን ለመጣል የሚያቀርበው ምክንያትም ይሄ ነው። ነገሩ ተቃራኒ ነው። ፌሱ በሺ የሚቆጠር ምት ሲቀበል የመወርወር ሃይሉ እያደገ ነው የሚሄደው፣ እስኪሰነጠቅ ድረስ። ሜይ 2025 ፒጂኤ ሻምፒዮንሺፕ ላይ፣ ሻርሎት ኩዌል ሆሎው ማለት ነው፣ ከውድድሩ በፊት ድራይቨሮች ሲፈተሹ የማክልሮይ ገደቡን አልፎ ተገኘ፣ የሼፍለርም እንዲሁ፣ ሼፍለር ካሸነፈ በኋላ ራሱ ተናግሮታል። ማንም አላጭበረበረም፣ ስለቆየ ነው። ሼፍለር በተጠባባቂው ዱላ ዋንጫውን ወሰደ። እነሱ የሚመቱት በእኛ ፍጥነት ስላልሆነ የኛ እዛ ለመድረስ ዘመን ይፈጅበታል፣ ግን የናንተ የ2018 ድራይቨር ስንጥቅ ከሌለውና ድምጹ ድንገት ካልተቀየረ አልሞተም።

"ወንድ ልጅ 9 ዲግሪ ነው የሚመታው"

እዚህ ላይ ነው ብዙ ያርድ ሲባክን የማየው፣ እና በጣም ያሳዝነኛል ምክንያቱም ነጻ ነው መፍትሄው። ሎፍት የፌሱ ወደ ላይ ማዘንበል ነው። ዝቅ ያለ ሎፍት ሩቅ ይሄዳል የሚለው በቴሌቪዥን ከምናያቸው የመጣ ነው፣ እነሱ ግን ዱላውን ከ110 ማይል በላይ ነው የሚያስወነጭፉት። ፍጥነታችሁ 85፣ 90 ከሆነ ኳሷ አየር ላይ ለመቆየት ከፍታ ትፈልጋለች፣ 10.5፣ 12ም ቢሆን አያሳፍርም።

የሴቶቹን የፕሮ ውድድር፣ ኤልፒጂኤን፣ እዩ። የምት መለኪያ ማሽን ሰሪው ትራክማን ቀደም ሲል ባወጣው አማካይ ሴቶቹ ዱላቸው 94 ማይል ገደማ ነበር፣ ከኛ ብዙም አይርቅም፣ ኳሷ ግን አየር ላይ 218 ያርድ ትሄድላቸው ነበር። እንዴት? ወንዶቹ ፕሮዎች በአማካይ ኳሷን ትንሽ ወደ ታች እየወረዱ ነው የሚመቷት፣ ሴቶቹ ግን 3 ዲግሪ ወደ ላይ እየወጡ፣ ከፍ አርገው ያስነሷታል። ለኛ ቢጤ ምሳሌ መሆን ያለባቸው እነሱ ናቸው፣ በሃይለኛ ምቱ የታወቀው ብራይሰን ዲሻምቦ አይደለም። እኛ ጋ አንድ ጋሼ የምንላቸው ሰው አሉ፣ ስልሳ ምናምን ዓመታቸው ነው፣ ባለ 12 ዲግሪ አሮጌ ፒንግ፣ ቲያቸውን ከፍ አርገው ይተክላሉ፣ ኳሳቸውን ወደ ግራ እግራቸው ተረከዝ ያስጠጋሉ፣ እና ጎረምሶቹን ሲያልፏቸው በየሳምንቱ እያየን "ጋሼ እንዴት ነው?" ብለን ጠይቀን አናውቅም ነበር። አንድ ቀን ስጠይቃቸው "ልጄ፣ ትነሳ ዘንድ ተውዋት እንጂ" አሉኝ።

አንድ ጥንቃቄ ብቻ፣ አንገቱ ላይ ባለው ብሎን ሎፍት ስትጨምሩ ፌሱም አብሮ ወደ ግራ ይዘጋል፣ ስትቀንሱ ይከፈታል። ስላይስ ያለበት ሰው ሎፍት ለመቀነስ ብሎኑን ሲያዞር ችግሩን እያባሰው ነው።

"ስቲፍ ስቲፍ ነው"

አይደለም። ሻፍት ላይ የሚጻፈው ስቲፍ (ደረቅ)፣ ሬጉላር (መካከለኛ) ምናምን የጋራ መለኪያ የለውም፣ የአንዱ ኩባንያ ስቲፍ የሌላው ሬጉላር ሊሆን ይችላል። ጽሁፉን ሳይሆን ምቱን እዩ።

"ሻፍቱ ሲረዝም ኳሷም ትርቃለች"

ወረቀት ላይ አዎ። ከሱቅ የሚመጣው 45.5 ወይ 46 ኢንች ነው፣ የወንዶቹ የፕሮ ውድድር ፒጂኤ ቱር ከ2022 ጀምሮ ከ46 በላይ ከልክሏል፣ ብዙዎቹ ፕሮዎች ግን 45 አካባቢ ነው የሚጠቀሙት። እነሱ እያሳጠሩ እኛ ለምን እናስረዝማለን? ቆርጦ መሞከር አያስፈልግም፣ አንድ ኢንች ዝቅ ብላችሁ ያዙትና በዛ ነጭ ፓውደር አስር ኳስ ምቱ፣ ክቦቹ ወደ መሃል ከተሰበሰቡ መልሱን አገኛችሁ።

"ሱቅ ውስጥ ሞክሬው 20 ያርድ በለጠ"

እኔም ደርሶብኛል። አንድ ሱቅ ገብቼ ልጁ መጀመሪያ የራሴን አምስት ኳስ አስመታኝ፣ ገና ሰውነቴ ሳይሞቅ፣ ከዛ አዲሱን ሃያ ኳስ፣ ከዛ ስክሪኑ ላይ ያሳየኝ የአዲሱን ምርጥ ምት ከኔ አማካይ ጋር ነው። ከፍዬ ወጣሁ። ሜዳ ላይ ያ ሃያ ያርድ አልነበረም። ስታወዳድሩ መጀመሪያ ተሟሟቁ፣ በራሳችሁ ኳስ፣ ሶስት በአሮጌው ሶስት በአዲሱ እያፈራረቃችሁ፣ ሁሉንም ምት ቁጠሩ፣ በተለይ መጥፎዎቹን፣ አንድ ድራይቨር ከሌላው የሚለየው እነሱ ላይ ነው። አዲሱ መጥፎ ምታችሁን ፌርዌይ (ሳሩ የታጨደው የሜዳው መሃል) ላይ ካስቀረላችሁ ግዙት፣ እኔም እገዛዋለሁ።

ደሞ አዲስ አበባ ካለ ጓደኛችሁ ጋር ያርድ አትወዳደሩ። አዲስ አበባ ጎልፍ ክለብ ላይ ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ናችሁ፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሷን ብዙ አይዛትም፣ እዚህ 230 የሚመታ ሰው እዛ 250 ቢመታ አዲስ ዱላ ስለያዘ አይደለም። አምና ለእረፍት የሄደው ጓደኛችን ከዛ በስልክ "አዲሱ ዱላ ገደለው!" ብሎን ነበር፣ ኦገስት ላይ ተመልሶ እዚህ ሜዳ የመጀመሪያውን ሲመታ ኳሷ የወደቀችው ሁሌ የምትወድቅበት ባንከር (የአሸዋ ጉድጓድ) ጎን ነው። በሚቀጥለው እሁድ ፓውደሩን ይዤለት ሄድኩ፣ ፌሱ ላይ ነፋንበት፣ እሱም ሂል ላይ ነበር።