አገር አቋራጭ ባስ የሚነዳበት ጌም፦ ድሬ ላይ የሚወራውና እውነታው

ድሬዳዋ ጌም ቤት ውስጥ ኳስ የሚጫወተውን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። አንዱ ጥግ ይዞ አገር አቋራጭ ባስ መንዳት ሲጀምር ግን ከኋላው የቆመ ሁሉ ሐሳብ ሰጪ ይሆናል። «አቦ ይሄ ምኑ ጨዋታ ነው!» የሚል አለ፤ «ይሄ ልጅ ነገ መናኸሪያ ነው የምናገኘው» የሚልም አለ። እኔ የማወራው ስለ ሁለት ጌሞች ነው፦ በስልክ ስለሚሠራው «ባስ ሲሙሌተር ኢንዶኔዥያ»፣ በአጭሩ ባሲድ ስለሚባለው፣ እና ኮምፒውተር ስለሚፈልገው የጀርመኑ «ፈርንባስ ሲሙሌተር»።

«የኢትዮጵያ ባስ ያለበት ጌም ወጥቷል»

ስልኩን ያሳዩሃል። እውነትም የምታውቀው ባስ ነው፤ ቀለሙም፣ ጎኑ ላይ ያለው የአማርኛ ጽሑፍም ልክ ነው። ያየኸው ግን ሥዕል ነው። ባሲድን በፈረንጆቹ 2017 ያወጣው ማሌዎ የተባለው የኢንዶኔዥያ ድርጅት ተጫዋቹ የፈለገውን ሥዕል ባሱ ላይ እንዲያለብስ፣ ሲፈልግም ሌላ ሰው የሠራውን ተሽከርካሪ እንዲያስገባ በሩን ክፍት ትቶለታል። ቀለም ግን መንገድ አይቀይርም። ግንባሩ ላይ «ድሬዳዋ – አዲስ አበባ» ብትጽፍም የምትነዳው ኢንዶኔዥያ ውስጥ ነው፤ ዳንጋጎም የለም፣ ቁልቢም የለም። በዚያ ላይ ኢንዶኔዥያ የሚነዳው በግራ ነው። መሪው በቀኝ በኩል ነው፣ አደባባይ የሚዞረውም የኛን ተቃራኒ ነው። ባጃጅ ሊለማመድ ያሰበ ልጅ ወራቱን በባሲድ ካሳለፈ በኋላ አደባባይ ላይ እጁ ወዴት እንደሚሄድ ቢጠነቀቅ ይሻለዋል።

«ርቀቱ እንደ እውነቱ ነው»

አይደለም። ፈርንባስ ጀርመንን አንድ ለአሥር አሳንሶ ነው የሠራት። ከበርሊን ሙኒክ ያለው 580 ኪሎ ሜትር ገደማ ጌሙ ላይ 60 አይሞላም። በዚህ ልኬት ከድሬ አዲስ አበባ ያለው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ፣ ዛሬ ድሬን ከሐረር በሚለያት ርቀት ያልቅ ነበር። ጭሮ ስንደርስ ገና ሆዳችን ሳይጎድል ማለት ነው።

«ጀርመን ፍጥነት አይገደብም፣ እንደልብህ ትበራለህ»

ለቤት መኪና፣ ያውም አውቶባን በሚባለው የጀርመን ፈጣን መንገድ የተወሰኑ ክፍሎች። ለባስ ጣሪያው በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለዚህ የሚያበቃውን መስፈርት ያላሟላ ባስ ደግሞ ከ80 አያልፍም። በእውነተኛው ሥራ የአውሮፓ ሕግ አራት ሰዓት ተኩል የነዳ ሹፌር 45 ደቂቃ እንዲያርፍም ያስገድዳል። ለመብረር ብሎ የከፈተው ልጅ ብዙም ሳይቆይ ወደ ኳሱ ይመለሳል።

«መሪ ይዞ መቀመጥ ነው፣ ሌላ ምን አለው»

ፈርንባስ ውስጥ ረዳት የለም። እኛ ጋ ረዳቱ ይጠራል፣ ዕቃ ይጭናል፣ ትኬት ያያል፣ በሩን መታ አድርጎ «ሳበው!» ይላል። እዚያ ግን ሁሉም አንተው ጋ ነው። በሩን ትከፍታለህ፣ ተሳፋሪው ስልኩን ወይም ወረቀቱን ይዞ ይመጣል፣ ትኬቱን አይተህ ታሳልፈዋለህ፤ ሳይቆርጥ የመጣውን ደግሞ እዚያው ትሸጥለታለህ። ከዚያ ማይክ ይዘህ ቀበቶ እሰሩ ትላለህ። መንገድ ላይ አንዱ ሞቀኝ፣ ሌላው ዋይፋዩ ተቋረጠ ይልሃል። ለኔ የጌሙ ትልቁ ነገር ይሄ ነው፤ ጎማው ገና ሳይንቀሳቀስ ሥራው ተጀምሯል።

የጀርመን አገር አቋራጭ ባስ ራሱ ደግሞ ብዙዎች እንደሚያስቡት የቆየ ነገር አይደለም። ሕጉ ባቡሩን ከውድድር ሲጠብቅ ኖሮ፣ በከተሞች መካከል መደበኛ የባስ መስመር በስፋት የተፈቀደው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2013 ጀምሮ ነው። ጌሙ የወጣው ከዚያ ሦስት ዓመት ቆይቶ በ2016 ነው። በፈረንጆቹ 1902 ባቡር ሲደርስባት ለተቆረቆረች ከተማ ልጅ ይህ ታሪክ እንግዳ አይሆንበትም።

«ጌሙን የቻለ ባሱን ይችላል»

ክርክሩ የሚጦፈው እዚህ ላይ ነው፣ ሁለቱም ወገን ግማሽ እውነት ስላለው። ጌሙ የሚያስተምረው አለ። ትልቅ ባስ ላይ ሹፌሩ የሚቀመጠው ከፊት ጎማ ቀድሞ ነው። ስለዚህ ስትታጠፍ አፍንጫው መታጠፊያውን አልፎ እስኪገባ ታግሰህ ነው መሪውን የምትጠመዝዘው። እንደ ቤት መኪና ቶሎ ከጠመዘዝክ የኋላ ጎማው የእግረኛ መንገድ ላይ ይወጣል፤ ጭራው ደግሞ በተቃራኒው በኩል ወጣ ብሎ ይጠርጋል። ይሄን በስፖኪዮ እያየህ ደጋግመህ ስትሳሳት ትለምደዋለህ፣ ማንም ሳይጎዳ።

የማያስተምረውን ለማየት ዳንጋጎን ማሰብ ነው። ወደ ድሬ ሲወረድ ያንን ጠመዝማዛ በእግር ፍሬን ብቻ ልውረድ ያለ ሹፌር የፍሬን ሸራው ይግልበታል፣ የጋለ ፍሬን ደግሞ መያዙን ይቀንሳል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ፍጥነት ይቀነሳል፣ ማርሽ ይወርዳል፣ ሞተር ፍሬን ይሠራል፤ ዘመናዊው ባስ ሪታርደርም፣ ማለትም የእግር ፍሬኑን ሳይነካ ባሱን የሚያዘገይ ተጨማሪ መሣሪያ አለው። ፈርንባስ ላይ ያለው «ማን» (MAN) የተባለው የጀርመን ኩባንያ ባስ ሪታርደር ስላለው ቅደም ተከተሉን መልመድ ይቻላል። የተቃጠለ ሸራ ሽታ ግን ከስክሪን አይወጣም። ሃምሳ ሰው ከነዕቃው ከኋላ ሲገፋህ ወንበሩ የሚነግርህ ነገርም የለም። ኩርባው ላይ ድንገት የሚያቋርጥ ግመልም የለም። የሕዝብ መንጃ ፈቃድ ፈታኙም ስንት ሰዓት ጌም ነዳህ ብሎ አይጠይቅም።

«መሪና ፔዳል ካልተገዛ አይሆንም»

ይሆናል። ባሲድ ስልክ በማዘንበል ይነዳል፣ ፈርንባስ በኪቦርድ። መሪ ካለ ይጣፍጣል፣ በቃ።

«አሰልቺ ነው፣ ማንም አይጫወተውም»

አሰልቺነቱን አልክድም፤ ወዳጆቹ የሚወዱት ለዚሁ ነው። ከሁሉም የባሰው «ዴዘርት ባስ» የተባለው ሌላ ጌም ነው። ፔን እና ቴለር የተባሉት አሜሪካዊ አስማተኞች በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ለቀልድ ያሠሩት ሲሆን፣ ከቱሶን ላስ ቬጋስ ስምንት ሰዓት ሙሉ በባዶ በረሃ ያስነዳል። ተሳፋሪ የለም፣ ባሱ ወደ ቀኝ ስለሚጎትት መሪውን መልቀቅ አይቻልም፣ ስትደርስ የምታገኘው አንድ ነጥብ ነው። ለገበያ እንኳ አልበቃም። ከፈረንጆቹ 2007 ጀምሮ ግን በየዓመቱ ለበጎ አድራጎት በቀጥታ እየተጫወቱት በሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ተሰብስቦበታል።

«ጌሙ ላፕቶፕ ያቃጥላል»

የድሬ ሙቀት ነው። ላፕቶፕ ሲግል ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ያኔ ጌሙ ይንቀራፈፋል፣ ልጁም «ቫይረስ ገባበት» ይላል። ማራገቢያውን ከአቧራ ማጽዳት፣ ከኋላ በኩል በመጽሐፍ ከፍ ማድረግ፣ ሴቲንግ ገብቶ ጥላና ነጸብራቁን ዝቅ ማድረግ ነው። ፍራሽ ላይ አስቀምጦ የሚነዳው ደግሞ አየር መግቢያውን ራሱ ደፍኖታል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ቀኑን ትቶ ማታ መንዳት ይሻላል።