የፍሳሽ ማጣሪያ የኮምፒውተር ክትትልና ቁጥጥር፦ ከኮምቦልቻ አንጻር

ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብላ በቦርከና ሸለቆ የተቆረቆረች የደቡብ ወሎ የኢንዱስትሪ ከተማ ናት። የጨርቃ ጨርቅ፣ የቢራና የቆዳ ፋብሪካዎች አሏት፤ በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆባታል። ቦርከና ከከተማዋ ሲወጣ ወደ ከሚሴና ወደ ጨፋ ሜዳ ይወርዳል። በበጋ ሣር ፍለጋ ከአፋር ሳይቀር ከብት የሚመጣው ወደዚሁ ጨፋ ነው። ከፋብሪካ የሚለቀቀው ውሃ እነዚያን ከብቶች ያጠጣልና ማጣሪያው በትክክል መሥራቱ ከግቢው አጥር ያለፈ ጉዳይ ነው።

ዋናው ችግር ጊዜ ነው። የፍሳሽን ብክለት ለመለካት የተለመደው የቢኦዲ ምርመራ (ባክቴሪያ ቆሻሻውን ሲያብላላ የሚፈጀውን ኦክስጅን የሚለካው) 5 ቀን ይወስዳል፤ ውጤቱ ሲደርስ ውሃው ከተለቀቀ ቆይቷል። የኮምፒውተር ቁጥጥር ወዲያው ሊለካ በሚችለው ላይ ይመሠረታል። ገንዳ ውስጥ የተነከሩ ሴንሰሮች ፒኤችን (የውሃውን የአሲድነት ልክ፤ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ ይበረታል)፣ በውሃው የሟሟውን ኦክስጅንና ድፍርስነትን፣ ሌሎች ደግሞ የፍሰቱን መጠን ያለማቋረጥ ይለካሉ። ፒኤልሲ የተባለው መቆጣጠሪያ ልኬቱን ተቀብሎ ፓምፑን፣ ቫልቩንና አየር መንፊያውን ያዛል። ስካዳ የሚባለው ሥርዓት ሁሉን በኦፕሬተሩ ስክሪን ላይ ያሳያል፣ ይመዘግባል፣ ልኬቱ ከገደብ ሲወጣ ያስጠነቅቃል።

ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው በቆዳ ፋብሪካ ነው። ጸጉር ለመንቀል የሚያገለግለው ሰልፋይድ ያለበት ፍሳሽ ቆዳ ከሚለፋበት አሲዳማ የክሮም ፍሳሽ ጋር ከተቀላቀለ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ይወጣል፤ ይህ ጋዝ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ሁለቱ በተለያየ መስመር መሄድ አለባቸው። የሰልፋይዱ ገንዳ ፒኤች መውረድ ሲጀምር ማንቂያው ሠራተኛ ወደ ገንዳው ከመጠጋቱ በፊት መጮህ ይኖርበታል። ክሮሙ በበኩሉ በኖራ ወይም በሶዳ ፒኤቹ ወደ 8 ተኩል ገደማ ሲደርስ ይዘቅጣል፤ መጠኑን በግምት ከመጨመር ይልቅ በሴንሰር ተከታትሎ መጨመር ኬሚካል ይቆጥባል፣ ክሮሙንም ከወንዙ ያስቀራል።

የቢራና የጨርቃ ጨርቅ ፍሳሽ ፈተናው መለዋወጡ ነው፦ ጋን በኮስቲክ ሶዳ ሲታጠብ ወይም የማቅለሚያ ገንዳ ሲደፋ ፒኤቹ በድንገት ይዘላል። ቫልቩ ይህን ውሃ ወደ ማመጣጠኛ ገንዳ ካልመለሰው፣ ቆሻሻውን የሚበሉት ባክቴሪያዎች ያልቃሉ። አየር መንፋት ብዙ ጊዜ የማጣሪያውን ኤሌክትሪክ ግማሽ ያህል ስለሚወስድ፣ ኦክስጅኑን በሊትር 2 ሚሊግራም አካባቢ መያዝ ወጪን በግልጽ ይቀንሳል።

ሴንሰር ግን እንክብካቤ ይሻል። ስብና ዝቃጭ ሲሸፍነው የሐሰት ቁጥር ይሰጣል፤ ኮምፒውተሩም ያንኑ አምኖ ይሳሳታል። በየጊዜው መጽዳትና በታወቀ መለኪያ ፈሳሽ መስተካከል አለበት። መብራት ሲቋረጥ መቆጣጠሪያውን የሚያቆይ ባትሪ፣ በእጅ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያና ሥራውን የሚያውቅ ሰው በየፈረቃው ያስፈልጋሉ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እዚያው ከተማ ውስጥ ስለሆነ፣ ይህን ሙያ ሩቅ ሳይኬድ ማሠልጠን ይቻላል። በአዋጅ ቁጥር 300/1995 መሠረት ብክለትን ለሚቆጣጠረው አካልም፣ ሌሊት የተለቀቀውን ፍሳሽ ሳይቀር በሰዓቱ የመዘገበ ማኅደር ከቀን ጉብኝት የበለጠ ይነግረዋል።