«ፊዚክስ ስለከበደው ነው» እና ሌሎች የማስተርስ ወሬዎች

ሰኔ ሲቃረብ የጎንደር መምህራን ወሬ ይቀየራል። ከፈተና እርማት ቀጥሎ የሚነሳው «ዘንድሮ ማስተርስ አትጀምርም?» የሚለው ነው። የሳይንስ መምህር ከሆነ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይከተላል፤ አፕላይድ (ሳይንሱን ራሱን መማር) ወይስ የሳይንስ ትምህርት (ሳይንስን ማስተማር ላይ የሚያተኩረው)? እዚህ ላይ ሁሉም አዋቂ ነው። አዘዞ ላይ የተወራው ፒያሳ እስኪደርስ እጥፍ ይሆናል። እስቲ ጥቂቶቹን እንያቸው።

«የሳይንስ ትምህርት ማስተርስ ፊዚክስ የከበደው ሰው መሸሸጊያ ነው»

በብዛት የሚወራውም፣ በጣም የተሳሳተውም ይሄ ነው። አፕላይድ ፊዚክስ የሚማር ሰው ስለ ተፈጥሮ ይጠይቃል። የሳይንስ ትምህርት የሚማረው ያንኑ ፊዚክስ ይዞ ሌላ ጥያቄ ይጨምራል። ተማሪው ይህን ነገር እንዴት ይረዳዋል? የቱ ጋ ይስታል? ለምን? ፊዚክሱን በቅጡ ያላወቀ ሰው ደግሞ የተማሪው ስህተት ከየት እንደመጣ አይገባውም።

ምሳሌ ከዚሁ ከጎንደር ላምጣ። ሐምሌ ላይ አንዱን ተማሪ «ለምን በረደ?» ብትሉት «ፀሐይ ስለራቀች» ይላችኋል። የሚገርመው፣ መራቋ እውነት ነው። መሬት ከፀሐይ በጣም የምትርቀው በሰኔ መጨረሻ ገደማ ነው። በጣም የምትቀርበው በታኅሣሥ መጨረሻ ነው። ግን ልዩነቱ 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ብርዱ በዚህ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ አውሮፓም ሐምሌ ላይ ይበርደው ነበር። እነሱ ግን ያን ጊዜ በሙቀት ነው የሚቸገሩት።

ስለዚህ መምህሩ የተለመደውን መልስ ይሰጣል፤ የመሬት ዘንግ ማዘንበል። እሱም ቢሆን እዚህ ብቻውን አያዛልቅም። ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12.6 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። በዚህ የተነሳ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ እኩለ ቀን ላይ ልክ ከአናታችን በላይ ትሆናለች፤ አንዴ ሚያዝያ አጋማሽ፣ አንዴ ነሐሴ አጋማሽ ገደማ። በክረምቱ መሃል ማለት ነው! የሚያበርደን ደመናውና ዝናቡ ነው። ለአውሮፓ ልጅ የተጻፈውን መልስ እንዳለ ቦርድ ላይ የገለበጠ መምህር፣ ተማሪውን ከአንዱ ስህተት አውጥቶ ሌላው ውስጥ ይከተዋል።

አሜሪካዊው ምሁር ሊ ሹልማን እ.ኤ.አ. በ1986 ለዚህ ዓይነቱ ዕውቀት የራሱን ቦታ ሰጠው። ይዘቱን ማወቅ ብቻ አይደለም፤ የማስተማር ዘዴ ማወቅ ብቻም አይደለም። ይህንን ርዕስ ለእነዚህ ልጆች እንዴት ላስረዳው የሚለው ነው። አንደኛ የወጣ ፊዚሲስት ላይኖረው ይችላል። የማስተርሱ ዋና ጉዳይም ይኸው ነው።

«ፒጂዲቲ ስላለኝ ምንም አይጨምርልኝም»

ፒጂዲቲ በአፕላይድ ተመርቆ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ማስተማር ለሚገባ ሰው የተዘጋጀ የመምህርነት ሥልጠና ነው። ዲፕሎማ እንጂ ሁለተኛ ዲግሪ አይደለም። ማስተርስ የራስን ምርምር ሠርቶ መከላከልን ይጠይቃል። አንዱ የሌላውን ቦታ አይሸፍንም።

«ቴሲስ ማለት መጠይቅ መበተን ነው»

እውነቱን ለመናገር፣ ይህ ወሬ ዝም ብሎ አልመጣም። መጠይቅ አባዝቶ፣ «በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ» አስሞልቶ፣ ኤስፒኤስኤስ የሚባለውን የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ለሚያውቅ ጓደኛ የሚያስረክብ ሞልቷል። ጽሑፉን ራሱን በገንዘብ የሚያሠራም አለ። እንዲያ ከሆነ ግን ሁለት ዓመት መልፋቱ ለምን?

ጥሩ ምርምር ከራስ ክፍል ሊነሳ ይችላል። ለምሳሌ ዴቪድ ትሬገስት እ.ኤ.አ. በ1988 ያስተዋወቀው ባለ ሁለት ደረጃ ፈተና አለ። ተማሪው መጀመሪያ መልስ ይመርጣል፤ ቀጥሎ ያንን ለምን እንደመረጠ ምክንያቱን ይመርጣል። እዚሁ ጎንደር ያለውን የጃንተከል ዋርካ እናንሳ። ያ ሁሉ ክብደት ከየት መጣ? ብዙ ተማሪ «ከአፈሩ» ይላል። አብዛኛው ግን የመጣው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድና ከውሃ ነው። «ከአየር» ብሎ የመለሰውንም ምክንያቱን ስትጠይቁት «ዛፍ ኦክስጅን ስለሚተነፍስ» ሊላችሁ ይችላል። በተራ ምርጫ ፈተና ይህ ልጅ ሙሉ ማርክ አግኝቶ ያልፍ ነበር።

ይህን ስህተት ለይቶ፣ ትምህርቱን ቀይሮ፣ የመጣውን ለውጥ መመዝገብ ራሱን የቻለ ቴሲስ ይወጣዋል። አድቫይዘርም በደስታ ያነበዋል።

«ላብራቶሪ የለንም፤ ተምሬ ምን ላደርግበት?»

ላብራቶሪ ቢኖር ጥሩ ነው፤ መጠየቁንም አታቁሙ። ግን አንድ ቴርሞሜትርና አንድ ምድጃ ካለ ብዙ ይሠራል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ተማሪዎቹ 93 አይተው 100 ብለው ይጽፋሉ፤ መጽሐፉ እንዲያ ስላለ። «ያያችሁትን ለምን ተዋችሁት?» ብሎ መጠየቅ የሙሉ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ነው።

«ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሐኪም ነው»

ሥሩ እሱ ስለሆነ ነው እንዲህ የሚባለው። በ1947 ዓ.ም. የጤና ባለሙያ ማሠልጠኛ ሆኖ ተጀመረ። ዛሬ ግን መምህራንም ይማሩበታል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ቢሆን አንዱ መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1972 የተከፈተ የመምህራን ማሠልጠኛ አካዳሚ ነው። የትኛው ፕሮግራም፣ በመደበኛ ነው ወይስ በክረምት፣ የሚለው ግን በየዓመቱ ይለያያል። ማስታወቂያውን ራሳችሁ አንብቡ፤ በሰው ወሬ አትመዝገቡ።

«ስመረቅ ደመወዙ በራሱ ይስተካከላል»

የመምህራን ደረጃ ዕድገት በአገልግሎት ዘመንና በሥራ አፈጻጸም ይታያል፤ የትምህርት ዝግጅት ሌላ መንገድ ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ነው። ከመመዝገባችሁ በፊት የመረጣችሁት መስክ ከምታስተምሩት ትምህርት ጋር ተዛማጅ ሆኖ እንደሚያዝላችሁ ከትምህርት ጽሕፈት ቤታችሁ በጽሑፍ አረጋግጡ። የቃል «ችግር የለውም» ከሁለት ዓመት በኋላ ፋይል ውስጥ አይገኝም።

«ጋት የሳይንስ ፈተና ነው»

አይደለም። አገር አቀፉ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና የሚለካው የቋንቋ፣ የቁጥርና የማመዛዘን ችሎታን ነው። የ12ኛ ክፍል ፊዚክስ ሲከልስ ከርሞ የሚገባ ሰው የእንግሊዝኛው ንባብ ላይ ሰዓት ያልቅበታል። በሰዓት ተገድቦ ማንበብ ልመዱ። የፊዚክሱን ደብተር ዲፓርትመንቱ የራሱን ፈተና ከጨመረ ታወጡታላችሁ።