አርዛኬል፦ በአንድ ሸክላ የቀረ የእንግሊዝ የሮክ ባንድ
አርዛኬል በ1969 (እ.ኤ.አ.) ለንደን ውስጥ አንድ አልበም ብቻ የቀረጸ የሳይኬደሊክ (ሕልም መሰል ድምፅ ያለው) እና የፕሮግረሲቭ (ረዘም ያለና ውስብስብ) ሮክ ባንድ ሲሆን፣ አልበሙም የሚጠራው በዚሁ ስም ነው።

አባላቱ ቀድሞ ዩሪኤል በሚባል ባንድ ይጫወቱ ነበር። ጊታሪስቱ ስቲቭ ሂሌጅ፣ ኦርጋን ተጫዋቹ ዴቭ ስቱዋርት፣ ቤዝ ጊታር የሚጫወተውና የሚያዜመው ሞንት ካምቤል በአንድ የለንደን ትምህርት ቤት የተገናኙ ሲሆን፣ ድራመሩ ክላይቭ ብሩክስ የመጣው በጋዜጣ ማስታወቂያ ነው። በ1968 ሂሌጅ ለትምህርቱ ሲል ባንዱን ለቀቀ። ሦስቱ ኤግ በሚል ስም ቀጥለው ከዴካ የሙዚቃ ኩባንያ ጋር ተፈራረሙ።

በቀጣዩ ዓመት አንድ ትንሽ ድርጅት የሳይኬደሊክ አልበም እንዲሠሩለት ጠየቃቸው። ሂሌጅን ጠርተው ሥራውን ተቀበሉ፤ ነገር ግን የዴካ ውል በእውነተኛ ስማቸው እንዳይወጡ አገዳቸው። ስለዚህ ሂሌጅ ሲሜዮን ሳስፓሬላ፣ ስቱዋርት ሳም ሊ-አፍ፣ ብሩክስ ባዚል ዳውሊንግ ተባሉ። ካምቤል ደግሞ ንጄሮጊ ጋቴጋካ የሚል የኬንያ ዓይነት ስም ወሰደ። የባንዱ መጠሪያ የተወሰደው ከአንድ የጨረቃ ጉድጓድ ነው፤ ጉድጓዱም የተሰየመው በ11ኛው ክፍለ ዘመን ቶሌዶ ውስጥ በኖረው የሥነ ፈለክ ሊቅ በአል ዘርቃሊ ነው።

ቀረጻው በአንድ ጊዜ ስቱዲዮ ገብተው የጨረሱት ነው። ጥድፊያው ይሰማል፤ የሸክላው ውበት ግን አብሮት የመጣ ነው። በፊተኛው ገጽ አራት አጫጭር ሥራዎች አሉ። ከእነዚህ «አዛቶት» በኦርጋን የታጀበ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር መስሎ ይጀምርና ወደ ሁከት ይገባል፤ «ኩዊን ስትሪት ጋንግ» በእንግሊዛዊው የዜማ ደራሲ በኪት ማንስፊልድ ዜማ ላይ የተመሠረተ ነው። የኋለኛው ገጽ ለሁለት ረጃጅም ሥራዎች ብቻ የተተወ ነው። የመጨረሻው «ሜተምሳይኮሲስ» ከ16 ደቂቃ በላይ የሚሄድ፣ አብዛኛው እዚያው የተፈጠረ ጨዋታ ነው። ተንዛዝቷል የሚሉ አሉ። ገና ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ኦርጋኑንና ጊታሩን እንዴት እንዳፋለሙ ልብ ብሎ ያደመጠ ግን ይህን ፍርድ ለመስጠት አይቸኩልም።

አልበሙ «የካንተርበሪ ሙዚቃ» ከሚባለው፣ ጃዝና ሮክን ከሚያዋህደው የእንግሊዝ ዘርፍ መመደቡ ያከራክራል። ድምፁ ለዚያ ስም የከበደ ይመስላል፤ ሰዎቹ ግን ያለ ጥርጥር የዘርፉ ምሰሶዎች ሆነዋል። ሂሌጅ ካን የተባለውን ባንድ መሥርቶ ጎንግ ወደሚባለው ባንድ ተሻገረ። ስቱዋርት ሃትፊልድ ኤንድ ዘ ኖርዝና ናሽናል ኸልዝ በሚባሉት ባንዶች ተጫወተ፤ በ1981 ደግሞ ከድምፃዊት ባርባራ ጋስኪን ጋር በሠራው ዘፈን የብሪታንያን የዘፈኖች ሽያጭ ሠንጠረዥ መርቷል። ብሩክስ ወደ ግራውንድሆግስ ባንድ ገባ።

ሸክላው ሲወጣ ብዙም ሳይሸጥ ቀረ። የመጀመሪያው ኅትመት ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ በውድ ዋጋ የሚፈለግ ሲሆን፣ ለዓመታት ያለ ፈቃድ ሲባዛ ቆይቷል። በ2007 ስቱዋርት ራሱ በሲዲ ሲያወጣው በሽፋኑ ላይ ያኖረው የባንድ ስም ዩሪኤል የሚለውን ነው።